ቬርተር ስለ ሎተ ከመጻፉ 25 ቀን በፊት

አንድ ወጣት ምግብ ሲቀንስ፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ ሲያድር፣ ከጓደኞቹ ሲርቅ እዚህ ደብረ ብርሃንም ሆነ ወደ መንዝ ስትወጡ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚለው ይታወቃል፤ «ፍቅር ይዞት ነው፣ ያልፍለታል።» ሰንበትበት ሲል «መስተፋቅር አድርገውበት ነው» ይከተላል። ጠበል ይሞከራል፣ አዋቂ ቤት ይኬዳል፣ ጤና ጣቢያ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። «ያልፍለታል» የሚለው ቃል አስቸጋሪ የሆነው ብዙውን ጊዜ እውነት ስለሆነ ነው። አብዛኛው ልጅ በእርግጥም ያልፍለታል። የማያልፍለትን ልጅ ግን ከሌላው ለይቶ ማወቅ ይቻላል፤ ለዚህም ከማውቃቸው መጻሕፍት ሁሉ የሚበልጥብኝ ጀርመናዊው ጎተ በ25 ዓመቱ፣ በ1774 ያሳተመው የቬርተር ታሪክ ነው። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጣለሁ። ልብ ወለዱ በቀን የተቆጠረ ስለሆነ ወደ እኛ አቆጣጠር ብመልሰው ይምታታል።)

መጽሐፉ በደብዳቤ የተሠራ ነው። ቬርተር ለጓደኛው ለቪልሄልም ይጽፋል፤ የቪልሄልም መልስ አይታይም፣ ምን እንዳለ የምናውቀው ቬርተር ሲመልስለት ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሜይ 4 ቀን 1771 ተጻፈ፣ የመጨረሻዎቹ ዲሴምበር 1772። በመካከሉ ቬርተር እናቷ ሞታባት ታናናሾቿን የምታሳድግ ሎተ የምትባል ልጅ ይወዳል። እሷ ለአልበርት የታጨች ናት፤ ኋላም ታገባዋለች። ቬርተር ራሱን ያጠፋል። አንባቢ ብዙውን ጊዜ «በፍቅር የሞተ» ይልና መጽሐፉን ያጥፈዋል።

እስቲ ቀኖቹን በአንድ ወረቀት ላይ በተርታ ጻፏቸው። ሜይ 13 ላይ ቬርተር ልቡን እንደ ታመመ ሕፃን እንደሚይዘው፣ የፈለገውን ሁሉ እንደሚፈቅድለት ይናገራል፤ ከሐዘን ወደ ልክ ያጣ ደስታ ሲወዛወዝ ቪልሄልም ደጋግሞ እንዳየውም ያስታውሰዋል። ሜይ 22 ላይ ዓለምን በእስር ቤት ይመስልና፣ ሰው በፈለገ ጊዜ ከዚህ እስር ቤት ሊወጣ እንደሚችል ማሰቡ ጣፋጭ የነፃነት ስሜት እንደሆነ ይጽፋል። ስለ ሎተ የጻፈበት የመጀመሪያው ደብዳቤ ጁን 16 ነው። መሐሉ 25 ቀን ነው። የመሞት ሐሳብ ከሎተ ስም ቀድሞ በወረቀት ላይ ሰፍሯል።

እንግዲህ የኔ አነባበብ መሠረቱ ይህ ነው። ሎተ ያገኘችው ጤነኛ ሰው አይደለም፤ ስሜቱ ልክ አጥቶ የቆየ፣ መሞትን እንደ መውጫ በር የሚያስብ ሰው ነው። ፍቅሩ ለሕመሙ ስምና ፊት ሰጠው። ስለዚህ ቤተሰብ «ማንን ነው የወደደው?» ብሎ ከመመርመሩ በፊት ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አለበት። ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው? ከዚህ በፊት፣ ሴት ልጅ ሳትኖርበት፣ እንዲህ ዝም ያለበት ወር ነበር? ወይስ በተቃራኒው ሳይተኛ የማይደክምበት፣ ንግግሩ የሚፈጥንበት፣ ገንዘብ የሚበትንበት ሳምንት ነበር? ከወላጆቹ ወይ ከአጎቶቹ እንዲህ የሆነ አለ? የዚህ መልስ ከልጅቷ ስም ይበልጣል። በተለይ ሁለተኛው፣ እንቅልፍ የቀነሰበትና ጉልበት የበዛበት ጊዜ፣ ለሐኪም ካልተነገረ የድብርት መድኃኒት ብቻውን ተሰጥቶ በሽተኛውን ወደ ሌላኛው ጫፍ ሊወረውረው ይችላል።

አሁን ስለ አባዜው። ዶሮቲ ቴኖቭ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር በ1979 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ዓይነቱን መያዝ «ሊመረንስ» አለችው። የአእምሮ ሕመም መዝገብ ውስጥ በበሽታነት የተመዘገበ ስም አይደለም፤ ግን መልኩን በትክክል ይይዘዋል። ሐሳቡ ሳይጠሩት ይመጣል። የቀኑ ስሜት ሙሉ በሙሉ በሌላው ሰው ምልክት ላይ ይንጠለጠላል። ጉድለቷ አይታይም፣ ከታየም ያምራል። ዋናው ነዳጅ ደግሞ ተስፋና ጥርጣሬ አንድ ላይ መሆናቸው ነው። ቁርጥ ያለ «አይሆንም» ያመዋል እንጂ አያቆየውም፤ ቁርጥ ያለ «እሺ» ያረጋጋዋል። ዛሬ ፈገግታ፣ ነገ ዝምታ፣ ከነገ ወዲያ ትንሽ ቃል ከሆነ ግን አእምሮ መጠበቁን አያቆምም። ቴኖቭ እንዳለችው ብዙውን ጊዜ ከ18 ወር እስከ 3 ዓመት ይቆያል፤ ንክኪው ከቀጠለ ይረዝማል። ሎተ ለቬርተር ደግ ናት፣ አብራው ታነባለች፣ ወረቀት ትልክለታለች፣ ያም ሆኖ የሌላ ናት። ለሊመረንስ ከዚህ የተሻለ ማዳበሪያ የለም፤ ልጅቷ ደግሞ አንድም ጥፋት አላጠፋችም።

ወረቀቷን ጠጋ ብለን እንይ። በዚያ ዘመን ቀለሙ ቶሎ እንዲደርቅ በጽሑፉ ላይ ደቃቅ አሸዋ ይነሰነስ ነበር። ጁላይ 26 ላይ ቬርተር ለሎተ ሲጽፍ አንድ ነገር ይለምናታል፤ በምትልክልኝ ቁራጭ ወረቀት ላይ ከእንግዲህ አሸዋ አታድርጊ። ወረቀቱን ፈጥኖ ወደ ከንፈሩ ሲወስደው አሸዋው ጥርሱ መሐል ተንቀጫቀጨ። ከዚያ 8 ቀን ቀደም ብሎ፣ ጁላይ 18፣ ወደ እሷ መሄድ ስላልቻለ አሽከሩን ይልከዋል። መልእክት የለውም። ዛሬ አጠገቧ የቆመ ሰው ማታ አጠገቡ እንዲኖርለት ብቻ ነው።

የዛሬው አሸዋ ስልክ ውስጥ ነው። የደብረ ብርሃን ሌሊት እንደሚታወቀው ነው፤ ልጁ ባናውን እስከ ጆሮው ስቦ ከውስጡ የስልኩ ብርሃን ይታያል። ቴሌግራም ከፍቶ መጨረሻ የገባችበትን ሰዓት ያያል። ዘግቶ ከ3 ደቂቃ በኋላ እንደገና ያያል። የለጠፈችውን ፎቶ ማን እንደወደደላት ይቆጥራል። ካየ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ደረቱ ቀለል ይለዋል፤ ያ መቅለል ራሱ ነው የሚያስረው፣ ምክንያቱም አእምሮ «ሲጨንቅህ አይ» የሚለውን ትምህርት በየሌሊቱ መቶ ጊዜ ይማራል።

«ስልኩን ተወው» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። የሚሠራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ 3 ቀን ምንም ሳይቀንስ በወረቀት ላይ ይቁጠር፤ ባየ ቁጥር አንድ ጭረት፣ ከጎኑ ሰዓቱን። ሳይቆጥሩ ለማቆም የሚሞክሩ የሚወድቁት አስቸጋሪዋን ሰዓት ስለማያውቋት ነው፤ ብዙውን ጊዜ አንዷ ከመተኛት በፊት፣ ሌላዋ ልክ እንደነቁ ናት። በ4ኛው ቀን ስልኩ ከሚተኛበት ክፍል ውጭ ይሰካ፤ ለመቀስቀሻ ርካሽ የእጅ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ ማየቱ በቀን 2 ጊዜ፣ በተቆረጠ ሰዓት፣ ለ10 ደቂቃ ይሁን። ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ። ከዚያ ስሟ እንዳይታየው ይደበቅ። ባቆመ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱ ይጨምራል፤ ይህን አስቀድመው ካልነገሩት «እየባሰብኝ ነው» ብሎ ይመለሳል። ሐሳቡን በግድ ማባረርም አይቻልም፤ ባባረሩት ቁጥር ይመጣል። ከቀኑ 20 ደቂቃ ቆርጦ፣ ከመኝታ ሰዓት አርቆ፣ ስለ እሷ የሚያስበውን ሁሉ በዚያ ጊዜ ቢጽፈውና በሌላ ሰዓት ሲመጣበት «በሰዓትህ ና» ቢለው ይሻላል።

በዚያው በጁላይ 26 ቬርተር አያቱ የነገረችውን ተረት ያነሳል። ብረት የሚስብ ተራራ ነበር አሉ። በአጠገቡ የቀረበ መርከብ ብረቱን ሁሉ ይነጠቃል፤ ምስማሮቹ ወደ ተራራው ይበራሉ፣ ሰዎቹም በሚፈርሰው ሳንቃ መሐል ያልቃሉ። ይህን የሚያነሳው ሎተን አዘውትሬ አልሄድባትም ብሎ በየቀኑ እንደሚምል፣ በየቀኑም ሳያውቀው በሯ ላይ እንደሚገኝ ለመናገር ነው። ለኔ ግን ተረቱ ውስጥ ዋናዎቹ ምስማሮቹ ናቸው። መርከቡን የሚሰብረው ተራራው ራሱ አይደለም፤ ሳንቃና ሳንቃውን ያያያዘው ነገር አንድ በአንድ መውለቁ ነው። የቬርተርን ምስማሮች ቁጠሯቸው። ሥዕሉ፤ ጁላይ 24 ላይ የሎተን መልክ 3 ጊዜ ጀምሮ 3ቱም ጊዜ አልሆንልህ ስላለው የጥላዋን ቅርጽ ብቻ ይሥላል። ሥራው፤ ኦገስት 22 ላይ ምንም መሥራት እንዳቃተው፣ መጽሐፍ ሁሉ እንዳስጠላው ይጽፋል። ተፈጥሮን መውደዱ፤ ኦገስት 18 ላይ ያ የሚያጽናናው ሜዳና ተራራ ሁሉን የሚውጥ አውሬ ሆኖበታል። ንባቡ እንኳ ተለውጧል፤ መጀመሪያ የጥንቱን የግሪክ ባለቅኔ ሆሜርን ያነብ የነበረው ሰው ኦክቶበር 12 ቀን 1772 ላይ ኦሲያን ሆሜርን ከልቤ አስወጣው ይላል፤ ኦሲያን ጨለማ፣ ጭጋግና የሙታን ልቅሶ የሞላበት ግጥም ነው።

ልጅ ወይ ወንድም ያሳሰበው ሰው ይህን በቤቱ ሊሠራው ይችላል። ከ3 ወር በፊት የነበሩትን ምስማሮች ይጻፍ። ትምህርቱ፣ እርሻው ወይ ሱቁ፣ ኳሱ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ማኅበሩ፣ ጸጉሩን መቆረጡ፣ ለእናቱ ውኃ መቅዳቱ። ዛሬ ስንቱ ቀርቷል? እየወደደ ኳሱን የሚጫወት፣ ከብቱን የሚያሰማራ፣ የሚስቅ ልጅ ብዙ አያስጨንቅም። ግማሹ ከወለቀ ፍቅር ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ተዉት።

ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው 2 ሳምንት ነው። የድብርት ሕመም የሚባለው ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ለ2 ሳምንት ሲቆዩ ነው፤ ከ5ቱ አንዱ የግድ ወይ የከፋ ሐዘን ወይ ደስታ ማጣት መሆን አለበት። ቀሪዎቹ የእንቅልፍ መለወጥ፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ድካም፣ መቁነጥነጥ ወይ መፍዘዝ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን ዋጋ ቢስ ማድረግ፣ ስለ ሞት ማሰብ ናቸው። ቬርተርን በዚህ ዝርዝር ስትመዝኑት ኖቬምበር 1772 ላይ ጥርጥር አይቀርም። ኖቬምበር 3 ላይ ሲተኛ ዳግም ላለመንቃት እንደሚመኝ ይጽፋል፤ ነቅቶ በመስኮት ሲያይም ያ ውብ አገር ቀለም ተቀብቶ እንደ ደረቀ ሥዕል ቀጥ ብሎ ይታየዋል። ኖቬምበር 8 ላይ ደግሞ በአንድ ብርጭቆ ጀምሮ ጠርሙሱን እንደሚጨርስ፣ ሎተም ስለዚህ እንደወቀሰችው ይናገራል። እኛ ዘንድ በወይኑ ቦታ አረቄና ጫት አሉ። አረቄ ሌሊት ያስተኛል፣ ንጋት ላይ ይቀሰቅሳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ደግሞ የድብርት ሕመምተኛ ከቀኑ ሁሉ የሚከፋበት ነው። ሐዘኑን ለማስረሳት አረቄ የሚጋብዝ ጓደኛ ያችን ሰዓት አያያትም።

በጤና ተቋማት ፒ.ኤች.ኪው. 9 የሚባል የድብርት መጠይቅ አለ፤ 9 ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ እስከ 27። 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያው ጠለቅ ብሎ ይመረምራል። 9ኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ የሚጠይቀው ነው፤ እሱ ላይ ከ0 የተለየ መልስ ካለ ድምሩ 4ም ቢሆን ንግግሩ በዚያው ቀን መቀጠል አለበት።

እኛ አገር ስለ ፍቅርና ሞት ሲነሳ ሁሉም የሚጠራው በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በእኛ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ያሳዘነን ሰው ሁሉ በዚያ ሚዛን እንመዝናለን፤ ይህ ደግሞ አሳስቶናል ብዬ አምናለሁ። በዛብህና ሰብለ እርስ በርስ ይዋደዳሉ፣ የሚለያያቸው ከውጭ ነው፤ ወላጅ፣ የዘር ሐረግ፣ ሥርዓት። እንቅፋቱ ቢነሳ ይጋቡ ነበር። የቬርተር እንቅፋት ቢነሳስ? ሎተ ራሷ ዲሴምበር 20 ላይ በፊቱ ጠይቃዋለች፤ የሌላ የሆንኩትን እኔን ለምን መረጥከኝ፣ ምኞትህን ያጋጋለው ልታገኘኝ አለመቻልህ ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ ትለዋለች። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል እንዲሉ። በልብ ወለዱ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ትክክለኛውን ምርመራ የሰጠችው እሷ ናት። እዚያው የሐዲስ መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ስለ አእምሮ የምንማረው ከበዛብህ ይልቅ ከጉዱ ካሣ ነው፤ ሥርዓቱን ስለነቀፈ አገር ሁሉ እብድ ያለው ሰው። ጤነኛውን እብድ፣ ታማሚውን አፍቃሪ ማለት ከጥንት ጀምሮ የቆየ ስህተት ነው።

መራቅ ይረዳል ወይ ለሚለው መጽሐፉ ራሱ መልስ አለው። ቬርተር ሴፕቴምበር 10 ቀን 1771 ሎተን ተሰናብቶ ሌላ ከተማ በአንድ አምባሳደር ሥር ሥራ ይይዛል። ኖቬምበር 26 ላይ፣ ከ11 ሳምንት በኋላ፣ ደህና እየሆነ እንደመጣ፣ ከሁሉም የሚሻለው ደግሞ የሚሠራው ሥራ መብዛቱ እንደሆነ ይጽፋል። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው እየተሻለው ነበር! ከዚያ የሆነው የሚገኘው በዝርዝሩ ውስጥ ነው። ጃንዋሪ 20 ለሎተ ይጽፋል። ፌብሩዋሪ 20 ሳያውቅ እንደተጋቡ ይሰማል። ማርች 15 በመኳንንቱ ግብዣ ላይ «የእኛ ዓይነት አይደለህም» ተብሎ ይዋረዳል። ሥራውን ለቀቀ፣ ከዚያም ወደ ሎተ ልቅረብ ነው የምፈልገው፣ በልቤ ላይ እየሳቅሁ ፈቃዱን እፈጽምለታለሁ ይላል። ያው በሜይ 13 ያባብለው የነበረው ሕፃን ነው። ስለዚህ መራቁ ሠርቷል፤ ያፈረሰው ደብዳቤው ሳይቆረጥ መቅረቱ፣ ሥራው አንድ ምስማር ብቻ መሆኑ፣ ያ ምስማር ሲወልቅ ሌላ የሚይዘው ሰው በዚያ ከተማ አለመኖሩ ነው።

በትንሽ ከተማ መራቅ ከባድ ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ገበያ፣ አንድ መናኸሪያ። ግን ሰዓትና መንገድ መቀየር ይቻላል፤ ቅዳሴን በሌላ አጥቢያ ማስቀደስ፣ ገበያ በጠዋት መውጣት፣ በቤቷ በር የሚያልፈውን መንገድ ለ3 ወር መተው። የጋራ ጓደኛ ወሬዋን እንዳያመጣ በግልጽ ይነገረው፤ የቬርተር አሽከር መሆን የለበትም። ወደ ዘመድ መላክ ከታሰበ ደግሞ ወደ ሥራ ይሁን፤ አረፍ በል ተብሎ ደብረ ሲና አክስቱ ቤት ቀኑን ተኝቶ የሚውል ልጅ ሎተን ይዟት ነው የሄደው። የጠዋት መነሻው የታወቀ፣ እጅ የሚያስይዝ፣ ከሰው ጋር የሚሠራ ሥራ፣ እሱ ባይመጣ «የት ቀረህ» የሚል ሰው ያለበት። ደስ ባይለውም ይሥራው፤ በድብርት ጊዜ ስሜቱ የሚከተለው ሥራውን እንጂ ሥራው ስሜቱን አይደለም።

ኦገስት 12 ቀን 1771 ቬርተርና አልበርት ይከራከራሉ። አልበርት ራሱን የሚያጠፋ ሰው ደካማ ነው ይላል። ቬርተር ይህ ድክመት ሳይሆን የነፍስ ሕመም ነው ይላል፤ በንዳድ የሞተን ሰው «ሞኝ! ጉልበቱ እስኪመለስ ቢጠብቅ ኖሮ» የሚለው አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ክርክር ቬርተር ግማሹን አሸንፏል። ሕመም መሆኑ እውነት ነው። ንዳድ ግን ዛሬ ይታከማል፣ ይህም ይታከማል። በጤና ጣቢያ ከሚሰጡት የድብርት መድኃኒቶች አንዱ ፍሉኦክሰቲን ነው፤ ለአዋቂ ብዙውን ጊዜ በቀን 20 ሚሊ ግራም ጠዋት ይጀመራል። በመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽና መቁነጥነጥ ሊያመጣ ይችላል፣ ጥቅሙ መታየት የሚጀምረው ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በ5ኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥል ሰው ጉዳቱን ቀምሶ ጥቅሙን ሳያይ ቀረ ማለት ነው። ከተሻለውም በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከ9 እስከ 12 ወር ደህና ሆኖ ሳይቆይ ማቆምን አያበረታታም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በተለይ በወጣቶች ላይ፣ ስሜቱ ሳይነሳ ጉልበቱ ቀድሞ ሊነሳ ስለሚችል ቤተሰብ ዓይኑን መንቀል የለበትም።

ጠበሉንስ? ሰሜን ሸዋ ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ ያሉበት አገር ነው፤ ለታመመ ሰው ጠበል ሂድ ማለት እዚህ ተፈጥሯዊ ነው፣ ብዙ ሰውም ጸሎቱ፣ አብሮ መነሣቱ፣ ብቻውን አለመሆኑ ያጽናናዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ሁለቱን ማጣላት ሲጀመር ነው። መድኃኒቱን ጥሎ፣ ምግብ ሳይቀምስ ቀናት የሚቆይ የድብርት ሕመምተኛ እየከሳና እየደከመ ይመለሳል። ከመሄዱ በፊት ለሐኪሙ ይናገር፣ መድኃኒቱን ለሚያጅበው ሰው ያስይዝ፣ ለንስሐ አባቱም በግልጽ ይንገር። «መድኃኒትህን እየወሰድክ ተጠመቅ» የሚል ካህን ቃሉ ከማንም ይልቅ ይሰማል፤ እንደዚህ የሚሉ ካህናት ደግሞ አሉ።

ኖቬምበር 30 ቀን 1772 ቬርተር በቀዝቃዛው መስክ አበባ የሚፈልግ ሃይንሪሽ የተባለ ሰው ያገኛል። በክረምት አበባ የለም፣ ሰውየው ግን ለፍቅረኛው ሊለቅም ወጥቷል። እናቱ መጥታ ትናገራለች፤ አንድ ዓመት ሙሉ አብዶ በእብዶች ቤት በሰንሰለት ታስሮ ነበር፣ አሁን 6 ወር ሆነው ጸጥ ካለ። በማግሥቱ ቬርተር የሃይንሪሽ ፍቅር ሎተ እንደነበረች ይሰማል። ሰንሰለቱ ላይ ለአፍታ መቆም ግድ ነው፤ በእኛም አገር በየጓዳውና በየጠበል ቦታው ዛሬም ሰው በሰንሰለት ይታሰራል። የሃይንሪሽና የቬርተር ሕመም ግን አንድ አይደለም። ቬርተር ሎተ የሌላ መሆኗን ያውቃል፣ ያ ነው የሚገድለው። እውነታውን የለቀቀ፣ አይታው የማታውቅ ሴት በምልክት እንደምታናግረው የሚያምን፣ «ትወደኛለች፣ እነሱ ከለከሏት» የሚል፣ እምቢታዋን እንኳ ድብቅ እሺታ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ሌላ ሕክምና ይሻል። ፈረንሳዊው ሐኪም ደ ክሌራምቦ በ1921 በሰፊው የገለጸው ኤሮቶማኒያ ይህ ነው። ለዚህ ምክርና መራቅ አይበቃም፤ ወደ አእምሮ ሐኪም በዚያው ሳምንት መድረስ አለበት፣ ልጅቷና ቤተሰቧም መጠንቀቅ አለባቸው። ጎተ በ1787 መጽሐፉን ሲያሻሽል አንዲት መበለት የወደደ የገበሬ ቤት ሠራተኛ ጨመረበት፤ እሱ መጨረሻ ላይ ተቀናቃኙን ይገድላል። አንድ ራሱን፣ አንድ አእምሮውን፣ አንድ ሌላ ሰው አጠፋ። ስለ ፍቅር ስንዘፍን ሦስተኛውን እንረሳዋለን።

ጎተ ራሱ በ1772 በቬጽላር ከተማ ሻርሎት ቡፍ የምትባል የታጨች ልጅ ወዶ ነበር። ሴፕቴምበር 11 ከተማውን ለቅቆ ሄደ። በዚያው ከተማ የሚያውቀው ዬሩዛሌም የተባለ ወጣት ያገባች ሴት ወዶ በኦክቶበር መጨረሻ ራሱን አጠፋ። ልብ ወለዱ ከሁለቱ ተሠራ። መጽሐፉ ሲወጣ ወጣቶች የቬርተርን ሰማያዊ ኮትና ቢጫ ሰደርያ ለበሱ፤ ላይፕሲሽ ከተማ በ1775 ሽያጩን ከለከለች፤ ጎተም በዚያው ዓመት በታተመው ላይ እኔን አትከተለኝ የሚል ግጥም ጨመረ። በ1974 ዴቪድ ፊሊፕስ የጋዜጣ ዜናና ራስን የማጥፋት ቁጥር ያላቸውን ግንኙነት ሲያጠና «የቬርተር ተጽዕኖ» ብሎ ሰየመው። እኔም እዚህ ላይ የቬርተርን ሞት ያልዘረዘርኩት፣ እናንተም ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ሐዘን ሲደርስ እንዴት እንደሆነ በስልክ እንዳትቀባበሉ የምለምነው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀረው ቪልሄልም ነው። ይህ ጓደኛ ክፉ ሰው አይደለም። ኦገስት 8 ቀን 1771 ላይ ከቬርተር መልስ እንደምንረዳው የሰጠው ምክር የኛን አጎቶች ይመስላል፤ ወይ ተስፋ አለህ፣ ካለህ ሂድበት፤ ወይ የለህም፣ ከሌለህ ወንድ ሁንና ጣለው። ቬርተር ቀስ በቀስ በሚገድል ሕመም የሚማቅቅን ሰው እንዲህ ታዘዋለህ ወይ ብሎ ይመልስለታል። ምክሩ የወደቀው ሐሳቡ ስለተሳሳተ ሳይሆን ለመወሰን ጉልበት ላለው ሰው የሚሰጥ ስለሆነ ነው።

መጨረሻ አካባቢ ቬርተር ሌላ ነገር ያደርጋል። ያበደራቸውን መጻሕፍት ያሰበስባል፣ ሒሳቡን ይዘጋል፣ በየሳምንቱ ምጽዋት ለሚሰጣቸው ድሆች የ2 ወር አስቀድሞ እንዲከፈላቸው ያዝዛል። ለሚያየው ሰው ልቡ የተረጋጋ ይመስላል። ለወራት ሲማቅቅ የቆየ ሰው ድንገት ተረጋግቶ ዕቃውን ማደል፣ ዕዳውን መክፈል፣ ሰዎችን እየዞረ ይቅርታ መጠየቅ ከጀመረ «ተሻለው» አይባልም፤ በዚያው ምሽት ይጠየቃል። ጥያቄው ቀጥተኛ ይሁን፤ «ወንድሜ፣ ከሰሞኑ መኖር አስጠልቶሃል? ራስህን ለማጥፋት አስበሃል? እንዴት ብለህ እንደሆነ አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙዎች ሲጠየቁ እፎይ ይላሉ። እናት ይህን መጠየቅ ቢከብዳት አጎት፣ ታላቅ ወንድም፣ የንስሐ አባት ወይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትጠይቅ። አዎ ካለ ብቻውን አይደር። በቤት ያለ መሣሪያና የእርሻ መርዝ ጎረቤት ቤት ይቆለፍ፣ ቁልፉ ከቤቱ ውጭ ይሁን፤ ክፉዋ ሰዓት ብዙውን ጊዜ አጭር ናት፣ በዚያች ሰዓት እጁ የሚደርስበት ነገር አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል። ንጋት ላይ አብረውት ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ይሂዱ፤ «ሂድ» ተብሎ የሚላክበት ጉዳይ አይደለም።

ቪልሄልም በመጨረሻ ነገሩ ገብቶታል። መጥቼ ልውሰድህ ብሎ ጽፎለታል። ዲሴምበር 20 ቀን 1772 ቬርተር መለሰለት፤ መምጣትህ ደስ ይለኛል፣ ግን 14 ቀን ጠብቀኝ አለው። ቪልሄልም ጠበቀ። ቬርተር የሞተው ከ3 ቀን በኋላ ነው።